ታንኳ የሌለበት ሥዕል አይሸጥም?

ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ስለኛ ስለ ባሕር ዳር ሰዓሊዎች ያወጣችሁትን አንብቤ ደስ ብሎኛል፣ ግን አብረው የወጡትን ሥዕሎች ሳይ ሳቄ መጣ፣ ሦስቱም ታንኳ፣ ሦስቱም ላይ ጸሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔም ሰዓሊ ነኝ (ቀን ቀን የሱቅ ማስታወቂያ ነው የምጽፈው፣ እንጀራዬ እሱ ነው) ታንኳ ስንቴ እንደሳልኩ እግዜር ይወቀው፣ ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቱሪስቱ የሚገዛው እሱን ነዋ! አምና የዳጉሳ ማሳ ስዬ ጣና ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሱቅ ብወስድ ባለቤቱ ራቅ ቀረብ አድርጎ አየውና "ያምራል፣ ግን ታንኳ የለውም" ብሎ መለሰልኝ።

እስቲ አንዴ ለሐይቁ ጀርባ እንስጠው። የበሬ እርሻ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፣ በትልምና በትልም መሀል ሳይነካ የሚቀር አለ፣ ስለዚህ ገበሬው በሚቀጥለው ዙር አግድሞ ያርሰዋል ከዛ ደግሞ እንደገና አግድሞ፣ ጤፍ ከሆነማ አራት አምስቴ። እኛ በእርሳስ ጥላ ስንሠራ መስመር በመስመር ላይ የምናቋርጠው እኮ ይሄው ነው። ዘር ሲዘራ ደግሞ ፈሰስ ያወጣሉ፣ የክረምቱ ጎርፍ ዘሩን ጠርጎ እንዳይሄድ ማሳውን ሰያፍ የሚያቋርጥ ቦይ ማለት ነው፣ ያቺን መስመር እኔ በብሩሽ ሳወጣት እጄ ይንቀጠቀጣል እነሱ በሁለት በሬ እየጮሁ ያወጧታል።

ቀለሙንማ ተዉት። ጎንደር ስትሄዱ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጡና ስልካችሁን አስቀምጡት። ነሐሴ ላይ የፎገራ ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሰማዩ ከሥሩ ይታያል፣ መስከረም መጨረሻ ኑጉ ሲያብብ ደግሞ ቢጫው እስኪያጥበረብር ነው፣ እኔ ከቱቦ ባወጣሁት ቢጫ ስንቴ ሞክሬ አልመጣልኝም፣ በኋላ ነው አጠገቡ ያለውን ጥቁር አፈር በደንብ ሳጠቁረው ቢጫው በራሱ ጊዜ የበራው። ጥቅምት ላይ ጤፉ ንፋስ ሲያስተኛው አረንጓዴ ነው ብላችሁ ስትጨርሱ ቀይ ይሆንባችኋል። ከተማው ዙሪያ የበዛው ጫት ግን ይቅርታ ይደረግልኝና ክረምት ከበጋ ያው አረንጓዴ ነው፣ ለኪስ እንጂ ለሥዕል አይሆንም።

ሐይቁ ዳር ያለችውን ዘጌንም "ጫካ" ብለን ነው የምንስለው። እውነት ነው እዛ በበሬ አይታረስም፣ ግን ከዛፉ ሥር ያለው ቡናና ጌሾ የሰው እጅ ነው፣ ጫካ ብቻ አድርገን ስንስለው ባለቤቱን አጠፋነው ማለት ነው።

ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰዓሊ በ1890ና 91 በነሱ አቆጣጠር ቤቱ አጠገብ ያለውን የጎረቤት የእህል ክምር ብቻ ጠዋት ማታ፣ በበረዶ በጸሐይ እያለ 25 ያህል ጊዜ ስሎታል። ክምር! እኛ ኅዳርና ታኅሣሥ በየአውድማው ስንት ክምር ነው የምናልፈው?

ያን ሱቁ የመለሰውን ሥዕል የሳልኩት ዘንዘልማ በኩል ነው፣ ስጨርስ ባለማሳውን ሽማግሌ ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆይተው ጣታቸውን ታች ጥግ ላይ ጣል አደረጉና "ይሄ ምንድነው ልጄ?" አሉኝ። ዳጉሳው አንድ ዓይነት እንዳይሆንብኝ ብዬ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነጠብ ነጠብ አድርጌበት ነበር፣ "ለማሳመር ነው አባቴ" አልኳቸው። "አረም ነው እንጂ! ሦስቴ ነው ያረምኩት፣ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል፣ በል አጥፋው" አሉ፣ ቀልዳቸውን መስሎኝ ብስቅ አልሳቁም። እዛው እፊታቸው አጠፋሁት፣ ወደ ከተማ ስመለስ ሳየው ሥዕሉም በጣም ተሻሽሏል።

የሥዕሉን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ካወጣችሁት እባካችሁ በከለር ይሁን፣ ከኋላ በኩል ትንሽ ኑግ አለች፣ በጥቁርና ነጭ ከወጣች አመድ ነው የምትመስለው።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር