ሙዚቃውን ከወሬ ስር አትቅበሩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ባህል ታሪክ የሚቀርቡ አጫጭር የሬዲዮ ዝግጅቶችን በተመለከተ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የጸሐፊው ቅሬታ ጊዜው ያጥራል የሚል ነው። ሩብ ሰዓት ለቁም ነገር አይበቃም ባይ ናቸው። እኔ አልስማማም። ሩብ ሰዓት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ግን አብዛኛው በከንቱ ያልቃል።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ አንድ ሙዚቃ የሚያወራ ዝግጅት ይጀመራል። ሙዚቃው ገባ ስንል ወዲያው ዝቅ ይላል፤ አቅራቢው ከላዩ ላይ ማውራት ይጀምራል። ሙዚቀኛው የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ከማን ጋር ተጣላ፣ በምን ሞተ። ሙዚቃው ከስር እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ይንሾካሾካል። ወሬው ሲያልቅ ትንሽ ከፍ ይልና አበቃ፣ ማስታወቂያ። እና ሙዚቃውን መቼ ሰማነው?

የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ውሰዱ። አጀማመሩን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ኖታው ላይ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ድምፅ አይደለም፣ ዕረፍት ነው። የኦርኬስትራው መሪ እጁን ይሰነዝራል፣ ምንም አይሰማም፣ ከዚያ ባለ አውታር መሣሪያዎቹና ክላሪኔቶቹ አንድ ላይ ይገባሉ። መሪዎች ይህችን መግቢያ የሚፈሯት ለዚህ ነው። አቅራቢው ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮን ዝም ቢልና መግቢያውን ቢያሰማን፣ ደግሞም አንዴ ቢደግምልን፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ ያንን ሙዚቃ እንደ ድሮው አንሰማውም።

ታሪኩም ከዚያው ይመዘዛል። ሦስት አጭርና አንድ ረጅም በሞርስ ኮድ፣ ፊደላትን በአጭርና በረጅም ምት በሚያስተላልፈው የቴሌግራፍ ምልክት፣ «ቪ» የምትባለው የላቲን ፊደል ናት፤ በእንግሊዝኛ «ቪክትሪ» ማለትም ድል የሚለው ቃል የሚጀምርባት። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ቢቢሲ በናዚ ለተያዘው አውሮፓ በሚያሰራጨው ዝግጅት ላይ ይህችኑ ምት በከበሮ ያስመታት ነበር። የጀርመኑን ሰው ሙዚቃ በጀርመን ላይ! ሲምፎኒው መጀመሪያ የተሰማው በ1808 ቪየና ውስጥ፣ በብርድ አዳራሽ፣ አራት ሰዓት ያህል በፈጀ ኮንሰርት ላይ መሆኑን ከፈለጋችሁ ጨምሩበት። ይኸው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሙዚቃም ታሪክም ሰማን። ቤትሆቨን ከማን ጋር እንደተጣላ ሳንሰማ ብንውል ምንም አንሆንም።

ሥነ ጽሑፉም ከዚህ አይሻልም። «የሰውን ልጅ ውስጣዊ ስሜት በጥልቀት የዳሰሰ ሥራ» ይባልና ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ሳይነበብ ይሰናበቱናል። እንዲህ ያለው አስተያየት የማይስማማው መጽሐፍ የለም። እባካችሁ አንብቡልን።

ትንሽ ነገር ይዞ ሩቅ መሄድ እንደሚቻል ያየነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ከብሪቲሽ ሙዚየም ጋር ሆኖ የዓለምን ታሪክ በ100 ዕቃዎች ተርኳል። እያንዳንዱ ክፍል ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ አንድ ክፍል አንድ ዕቃ። ያውም በሬዲዮ፣ ዕቃው በማይታይበት! ጋዜጠኛው አሊስተር ኩክ ደግሞ ከአሜሪካ ለቢቢሲ የሚልከውን ሳምንታዊ ወግ ከ1946 እስከ 2004 ሲያቀርብ ኖሯል፤ እሱም ከሩብ ሰዓት አይዘልም። ጊዜው አጠረኝ ብሎ ያቆመ አይመስለኝም፤ ሲያቆም ዕድሜው 95 ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ አቅራቢዎቻችን የሚፈሩት ዝምታን ነው። ሦስት ሰከንድ ጸጥ ካለ አድማጩ ጣቢያ የሚቀይር ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ ዋልተር ቤንጃሚን ትዝ ይለኛል። ጀርመናዊው ሐያሲ ናዚዎች ሥልጣን እስከያዙበት እስከ 1933 ድረስ ከበርሊንና ከፍራንክፈርት ብዙ የሬዲዮ ወግ አቅርቧል፤ ለልጆች ሳይቀር። በ1755 ሊዝበንን ስላወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ለልጆች የነገረው ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። የድምፁ ቅጂ ግን አልተረፈም። እንግዲህ የሬዲዮ ሰው ሆኖ ድምፁ የጠፋ!

በኋላ የጻፋት አጭር ወግ አለች። ተናጋሪው በደቂቃዋ እንዲጨርስ ታዞ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል። መሃል ላይ ሰዓቱን አየት ያደርግና ጊዜው ያለቀ ይመስለዋል። ይደነግጣል። ገጽ እየዘለለ፣ እየተጣደፈ ይደመድማል። ቀና ሲል ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሰዓቱን አሳስቶ ነበር ያነበበው። ስቱዲዮው ጭጭ ይላል። ከዚያ እንደምንም የዘለላቸውን ወረቀቶች አንስቶ ይቀጥላል። በማግስቱ አንድ ወዳጁን እንዴት ነበር ቢለው፣ ጥሩ ነበር፣ የእኔ ሬዲዮ ግን መሃል ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ጸጥ አለብኝ ብሎት እርፍ። ተናጋሪው ያን ያህል ሲያልበው፣ አድማጩ ጥፋቱን በሬዲዮኑ ላይ ነው ያላከከው። ጣቢያም አልቀየረም።

እና የሙዚቃ ዝግጅት አቅራቢዎች ሆይ፣ ሙዚቃው ሲገባ ዝም በሉ። የምትሉትን በሉና አሰሙን፤ ሲያልቅ ተመለሱ። ማጀቢያ ካስፈለጋችሁም የምታወሩለትን ሙዚቃ ማጀቢያ አታድርጉት።

ለእናንተም ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። አብዛኛው አቅራቢ ያሰማንን ሙዚቃ ማን እንደተጫወተው እንኳ ሳይናገር ነው የሚሰናበተው። የሬዲዮ ዝግጅቶችን በምታስተዋውቁበት ገጽ ላይ የሥራውን ርዕስ፣ የተጫዋቹን ስምና የተቀረጸበትን ዓመት ከጣቢያዎቹ እየጠየቃችሁ ብትጽፉልን፣ ቆርጠው ያስቀሩብንን ራሳችን ፈልገን እንሰማዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ