ደብዳቤ ለልጄ፦ «ማን ነው ያለው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ

የኔ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የዚያን ቀን በስልክ የመለስኩልሽ መልስ እስካሁን ያሳፍረኛል። ፎቶውን የቤተሰብ ግሩፑ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዓባይ በረሃ ውስጥ የተገለበጠ አውቶብስ፣ ከሥሩ «ዛሬ ጠዋት» የሚል ጽሑፍ። አንቺ በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ዳር እየሄድሽ ነበር። ዋሽንግተን ያለችው አክስትሽ ከእንቅልፏ ተነስታ እያለቀሰች ደወለች። አንቺ ለካ ደጀን ደርሰሽ ሽሮሽን እየበላሽ ነው! «እማዬ፣ ይሄ እኮ የቆየ ፎቶ ነው። ማን ነው ያለው?» አልሽኝ።

«ሰው ላከልኝ» አልኩሽ። 22 ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራሁት ሴትዮ!

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስማር «ማን ነው ያለው?» ብሎ የጠየቀኝ አስተማሪ ትዝ አይለኝም።

ይህን ጥያቄ የሚያውቀው፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ አያትሽ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ የለመነ የቆሎ ተማሪ ነው። ከፊደል ወደ ዳዊት፣ ከዳዊት ወደ ቅኔ ቤት ሄዷል። ያኔ ሁሉን በቃል መያዝ ግድ ነበር። አንድ የብራና ዳዊት ለመጻፍ የስንት በግና ፍየል ቆዳ እንደሚፈጅ አስቢው። መጽሐፉ የለም፤ ስለዚህ ተማሪው ራሱ መጽሐፍ ይሆናል። «ሽምደዳ» ብለን የምንቀልድበት ነገር የመጣው ከድህነት እንጂ ከስንፍና አይደለም።

አያትሽ ማታ ማታ አንድ ጥቅስ ያነሳና ትርጉሙን ይናገራል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይጨምራል። ቆይቶ ደግሞ «አንድም»። እኔ ልጅ ሆኜ «የትኛው ነው ታዲያ ትክክሉ?» ስለው ይስቅብኝ ነበር። ሁለቱን የትርጓሜ ትምህርት ወገኖች፣ የትኛው የላይ ቤት፣ የትኛው የታች ቤት ትርጓሜ እንደሆነ ግን ለይቶ ያውቃል። «የኔታ እንዲህ ብለውናል፤ እሳቸው ደግሞ ከእገሌ የሰሙት ነው» ይላል። ቃሉ ከማን አፍ እንደመጣ ሳይጠራ አያልፍም። አላጋንንልሽ፤ የኔታን ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» የሚል ተማሪ አልነበረም። ምንጩን ማወቅ እንጂ ምንጩን መጠርጠር አልተማሩም።

አያትሽ ሴትዮዋ ደግሞ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዩኔስኮ የሸለመው ዘመቻ ነው፤ ስሟን መጻፍ በመቻሏ እስክትሞት ትኮራ ነበር። ግን እንድታነብ የተሰጣት መንግሥት የጻፈውን ነው። ከዚያ በኋላ ክርክር ቢነሳ መዝጊያዋ «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ነበር። የታተመ ሁሉ እውነት ነው። የኔ «ሰው ላከልኝ» የዚያ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ እኔ ልምጣ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት አገሪቱ የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቸግሯት ነበር። ከግብፅ የመጡ መምህራን ነበሩ የሚያስተምሩት። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ትምህርቱ የተደራጀው በውጭ መምህራንና በውጭ መጽሐፍ ነው። እኔ 7ኛ ክፍል ስገባ ሁሉም ነገር ድንገት እንግሊዝኛ ሆነ። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ይጽፋል፤ እኛ እንገለብጣለን። በማይገባሽ ቋንቋ ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ? ኖቱ ሙሉ ከሆነ ጎበዝ ተማሪ ነሽ።

በኋላ ሥራ ያዝኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። መጻሕፍቱ መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው፣ ቁልፉ በኔ አንገት ላይ። አንድ መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ ማለት ማንም ያልነካው መጽሐፍ ነበር። ልጆቹ የሚመጡት ወንበር ፍለጋ ነው፤ የራሳቸውን ደብተር ለማጥናት። ፈተናው ከመማሪያ መጽሐፉ አይወጣ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ ከፍቶ ማመሳከር ምን ይጠቅማል? በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚሉት የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃል፣ «አንዴ ቆይ» አይባል ነገር።

አንድ ጊዜ ስልጠና ላይ፣ ፖል ዙርኮውስኪ የሚባል አሜሪካዊ ሕዝቡ ሁሉ መረጃ መፈለግና መመዘን መማር አለበት ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እንደ ፈረንጆቹ በ1974 እንደሆነ ነገሩን። እኔ የታሰበኝ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ መምህራን ሥራ አቁመው ነበር፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ የድሃውን ልጅ ጥቂት ዓመት ብቻ አስተምሮ ሊያስቀር ነው ብለው። እነሱ መረጃ ስለመመዘን ይነጋገራሉ፣ እኛ በሩ ለማን ይከፈት እያልን እንጣላለን።

2008 ዓ.ም. ትዝ ይልሻል? ትንሽ ልጅ ነበርሽ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጣ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበርን አዋቂዎች ሁላችንም «ውሸት ነው፣ ወሬ ነው» አልን። እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ፈተናው ተሰረዘ። በዓመቱ ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው «የተሰረቀ ፈተና» ገዙ። እሱ ደግሞ ውሸት ሆነ። እውነቱን ከውሸቱ የሚለዩበትን መንገድ ያሳያቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ፈተና ሲደርስ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ነካሁት። ሌላ መልስ አልለመድንም።

ስለዚህ ስትቆጪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ግሩፑ ላይም «ያ ፎቶ የቆየ ነው፣ ሳላጣራ ነው የላክሁት፣ ይቅርታ» ብዬ ጽፌያለሁ። አጎትሽ በዚያው ደቂቃ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ደም ግፊት ሌላ ነገር ላከ። «ማን ነው ያለው?» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ መሰለኝ ተቀይሟል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፎቶው የቆየ መሆኑን በዚያች ቅጽበት እንዴት አወቅሽ? ጎግል ላይ ፎቶውን ራሱን ማስፈለግ ይቻላል ያልሽው በየት በኩል ነው? ሞክሬ የራሴን ፎቶ ነው ያነሳሁት። ለትንሣኤ ስትመጪ ቁጭ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ አሳዪኝ። እኔ እንደሆን ኖት እይዛለሁ።

በርበሬውን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ደጀን ስትደርሺ ደግሞ ደውይ፤ ይሄኛው ጭንቀት ምንጭ አያስፈልገውም።

እናትሽ