እማዬ፣ ዓርብ ነይ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ የእህቴ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገሩ ስለ ሰገራ ስለሆነ እያፈረ እንዳይዘልብሽ አስጠንቅቂው።

ጎረቤቶችሽ «ልጅሽ ባሕር ዳር ምን ትሠራለች?» ሲሉሽ «ላብራቶሪ» ብለሽ ወሬ መቀየርሽን ሰምቻለሁ። አልፈርድብሽም። ያን ሁሉ ዓመት አስተምረሽኝ የሰው ሰገራ ስመረምር መዋሌ ቡና ላይ የሚወራ አይደለም። ግን ምን እንደምፈልግበት ልንገርሽ።

እርሾሽን አስቢ። ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ነው። አንድም ቀን ሳታዪው ስንት ዓመት ጠብቀሽ አቆይተሽዋል። አንጀታችንም ውስጥ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ወደ 38 ትሪሊዮን ይገመታሉ። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ሩብ ኪሎ ቡና አያህሉም። እኛ መፍጨት ያቃተንን የእህልና የጥራጥሬ አሰር እነሱ ይበሉና የአንጀታችንን ግድግዳ የሚመግብ ነገር ይሠሩልናል። ብዙዎቹ አየር ሲነካቸው ይሞታሉ። ስለዚህ እኛ ዘረመላቸውን እያነበብን ነው ማን ከማን ጋር እንደሚኖር የምናውቀው። ተልባሽን ይወዱታል፣ ጠጪ።

የማልወደው ያን ካፕሱል ነው። ባለፈው ክረምት ለጉንፋን ብለሽ ከአንድ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተሽ መዋጥሽ አሁንም ያበሽቀኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሸጠልሽ ሰው ደግሞ ይብሳል። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካም። የሚያገኘው እነዚያን የአንጀት ባክቴሪያዎች ነው። አንዳንድ ሰው ላይ እነሱ ሲመናመኑ ክፉ ባክቴሪያ ቦታውን ይይዝና ተቅማጡ አልቆም ይላል። ኔዘርላንድ ውስጥ እንዲህ ላሉ ሕመምተኞች ምን ሰጧቸው መሰለሽ? የጤነኛ ሰው ሰገራ፣ ተበጥብጦ፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ። በፈረንጆቹ 2013 እንደታተመው ከ16ቱ 13ቱ በመጀመሪያው ዳኑ። ይኼን ለጎረቤቶችሽ ንገሪያቸው። ምሳ ከበሉ በኋላ ይሁን ግን።

ወደ ጨጓራሽ ልምጣ። የተገኘብሽ ኤች ፓይሎሪ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ ጨጓራ ውስጥ ተቀምጦ ያቆስላል። ድሮ ሐኪሞች ጨጓራን የሚያቆስለው ጭንቀት ነው፣ የሚያቃጥል ምግብ ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም «ባክቴሪያ ነው» ቢል ሰሚ አጣ። በፈረንጆቹ 1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በሦስተኛው ቀን ያቅለሸልሸው ጀመር፣ አፉም ሸተተ። ሽታውን ማን አወቀበት? እናቱ። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ስለዚህ ቡናሽን ተዪ አልልሽም። የዘጌን ሰው ቡና ተው የምትል ልጅ አልወለድሽም። መድኃኒቱን ግን 14 ቀን ተብለሽ በአምስተኛው ቀን «አፌን መረረኝ» ብለሽ ጣልሽው። ከዚያ የሚተርፈው ባክቴሪያ መድኃኒት የማይበግረው ሊሆን ይችላል። መምረሩን አውቀዋለሁ። አልነገርኩሽም እንጂ እኔም ተመርምሬ ተገኝቶብኛል። ብዙ ሰው ገና በልጅነቱ ከቤተሰቡ ነው የሚይዘው፤ ከማን እንደያዘኝ አልጠይቅሽም። አፌ ብረት ብረት እያለኝ 14ቱንም ቀን ጨረስኩ።

ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ዓርብ ለሰገራ ምርመራ በጠዋቱ ጀልባ ነይ። እስከዚያ ሲያቃጥልሽ የምትውጪውን ኦሜፕራዞል አትንኪው፣ ምርመራውን ያሳስተዋል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰሽ ግን ዓርብን አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ናሙናውን እዚህ መጥተሽ ትሰጫለሽ እንጂ በሰው እንዳትልኪብኝ፤ ጀልባው ላይ ማን ከፍቶ እንደሚያየው አይታወቅም። ዳግም ከተገኘብሽ መድኃኒቱን እኔ ቤት፣ እያየሁሽ ትጨርሻለሽ። ቅዳሜ ገበያ አብረን እንወጣለን።

ስትመጪ እርሾ በትንሽ ጣሳ ያዢልኝ። የእኔን አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ሸተተ» ብላ ደፋችው።

ልጅሽ