ጭምትነትህን አውቀዋለሁ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እኅትህ ትናንት ደውላ ኪኒንህን ካቆምህ መሰንበትህን፣ ስትጠይቅህም «እኔ ድሮም ዝምተኛ ነኝ፤ ይህ ጠባዬ እንጂ ሕመም አይደለም» ብለህ እንደመለስህላት ነገረችኝ። ልቆጣህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የተናገርኸው ግማሹ እውነት ስለሆነ በወጉ መልስ ይገባዋል። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪምህ ሳይፈቅድ መድኃኒትህን አታቁም።

ጠባይና ሕመም እንደሚቀላቀሉ አጥኚዎችም ያውቃሉ። እንደ አንተ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማና ጥርጣሬ የሚያሳድር የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከሌላው ሰው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በአማካይ ለስጋትና ለጭንቀት ይበልጥ የተጋለጡ፣ ከሰው ጋር ለመዋል ደግሞ ይበልጥ ቁጥብ ሆነው ያገኟቸዋል። ስጋት የሚያይልበት ሰው የሚሰማው ድምፅና ጥርጣሬው አብዝቶ ሲያስጨንቀው፣ በቁጥቡ ላይ ደግሞ ፍላጎት ማጣቱና ከሰው መሸሹ በርትቶ ይታያል። ይሁንና የትኛው እንደቀደመ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሕመሙ ድምፅ ከማሰማቱ ከዓመታት በፊት ሰውን ዝም ማሰኘት ሊጀምር ይችላልና። አማካይ ደግሞ በአንድ ሰው ላይ አይፈርድም። ዝምተኛ ሁሉ ይታመማል የሚልህ ቢኖር አትስማው።

አጎትህን አስበው። አንተ የደረስህበት ግድግዳ ተደግፎ የሚውለውን ሰው ነው፤ እኔ የማውቀው ግን ያለ እርሱ ሠርግ የማይደምቀውን፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ጨዋታ የማያጣውን ወንድሜን ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ገደማ ጨዋታውን ተወ። አባቴ «በሰለ፣ ቁም ነገረኛ ሆነ» ብለው ደስ አላቸው፤ ጎረቤቱም ጨዋነቱን አመሰገነ። «ይህ የልጄ ጠባይ አይደለም» ያለችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ የሰማት ግን አልነበረም። ጎረቤቶች ውኃችንን መርዘዋል ማለት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይቶ መድኃኒት ሲያገኝ ጥርጣሬው ረገበ፤ ጨዋታው ግን አልተመለሰም። የእናቴ ቃል ሜዳ ላይ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአንተን ጭምትነት አውቀዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባ ነበር፤ እንግዳው ሲወጣ ግን አነጋገሩን እያስመሰልህ ሆዳችንን እስኪያመን ታስቀን ነበር። ኳስ በሬዲዮ ሲተላለፍ የሚያነቃንቅህ አልነበረም። እኅትህ የምትነግረኝ ግን ሬዲዮውን ስትከፍትልህ ስለሚያጠፋ፣ ገላውን መታጠብ ስለተወ ልጅ ነው። ይህን ጠባዬ ነው አትበለኝ፤ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ።

ምናልባት ያደነዘዘህ መድኃኒቱ ራሱ ይሆናል፤ ይህም ያጋጥማል። እንዲያ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፤ መጠኑን ሊቀንስ፣ ዓይነቱን ሊለውጥ፣ ኪኒን መዋጥ ከሰለቸህም በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌ ሊያዝልህ ይችላል። በገዛ እጅህ ግን አታቁም። ጸበል መሄድህን አልከለክልም፤ ኪኒኑን ይዘህ ሂድ። ጾም ነው ብለህም አታሳልፈው፤ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ይፈቅዱልሃል። ጫት የሚባል ነገር ደግሞ አፍህ እንዳይገባ፤ ሕመሙን ያባብሰዋል።

እኅትህንም «ሰነፍ» እንዳትልህ አስጠንቅቄያታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን የወጣ ጥናት ከሆስፒታል ወጥተው ነቀፋ ወደሚበዛበት ቤት የተመለሱ ሕሙማን በ9 ወር ውስጥ ሕመሙ ይበልጥ እንዳገረሸባቸው አሳይቷል፤ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መድኃኒቱን ያላቋረጡት የተሻለ ሰንብተዋል። እኔም ምላሴን እሰበስባለሁ፤ አንተም መድኃኒትህን አታቁም።

ሰኞ ጠዋት ከእኅትህ ጋር ወደ ሐኪምህ ሂድ። ካርድህ እርሷ ዘንድ ነው፤ የትራንስፖርቱንም ልኬላታለሁ። ኪኒኑን ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳቆምህ ሳትደብቅ ንገረው፤ ስለ እንቅልፍህ ሲጠይቅህም «ደኅና ነው» ብለህ አትለፈው።

አባትህ