የማክስ ኤርንስት ጣውላ ተረሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሕልም መሰል ሥዕል ይሥል ስለነበረው ሱሪያሊስት ሠዓሊ ማክስ ኤርንስት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። በ1925 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ባለ ማረፊያ ቤት ሳለ፣ ዓይኑ ያረጀው የወለል ጣውላ ላይ ተተከለ። ወረቀት ጣል አደረገበትና በእርሳስ ፈተገው። የእንጨቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ ጫካና ወፍ አየ። “ፍሮታዥ” የሚባለው ይኸው ነው። ልጆች ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገው በእርሳስ ያወጡት የለ? እንደዚያ። በኋላ ሸራ ላይ የቀባውን ቀለም እየፋቀ ዘዴውን ወደ ቅብ አመጣው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ፈረንሳዮች ጀርመናዊ ነህ ብለው አሰሩት። በ1941 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገባ። ለትዳሮቹ ሁለት አንቀጽ ስትሰጡ፣ ለጣውላው አንድ መስመር ነፈጋችሁት?

አንባቢያችሁ