በሬቲና ሕመም ዕይታቸው ለተጎዳ ወገኖቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሀገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የአካባቢው ተወላጆች በሙሉ፤

የሰፈራችን እድር፣ በከባድ ማዮፒያ (የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር) ሳቢያ ሬቲናቸው (ብርሃን የሚቀበለው የዐይን የውስጥ ሽፋን) ለታመመ ወገኖች የሚውል የሕክምና መጠባበቂያ ገንዘብ በማሰባሰብ ላይ ይገኛል። የመነጽር ቁጥራቸው ከሲቀነስ 6 በሚያልፍ ሰዎች ዘንድ የዐይን ኳስ ከመጠን በላይ ሲረዝም ሬቲና ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋንም ሊሰነጠቅና በስንጥቁ በኩል ጤናማ ያልሆኑ የደም ሥሮች ሊበቅሉ ይችላሉ። ሥሮቹ ደምና ፈሳሽ ስለሚያወጡ የመብራት ምሰሶው ጎብጦ ይታያል፤ የሚያነጋግሩት ሰው ፊትም መሐሉ ይጨልማል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገና ሠርተው ቤተሰብ በሚያስተዳድሩ ሰዎች ላይ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚመርጡት የእነዚህን ሥሮች እድገት የሚገታ፣ ዐይን ውስጥ የሚወጋ መርፌ ነው። መርፌው ለማይስማማቸው ወይም ላልበቃቸው ደግሞ በብርሃን የሚሠራው ፎቶዳይናሚክ ሕክምና አለ። ቨርቴፖርፊን የተባለው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር በ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ መስጠት ከተጀመረ ከ15 ደቂቃ በኋላ የማያቃጥል ቀይ ሌዘር በታመመው ቦታ ላይ ለ83 ሴኮንድ ይበራል። መድኃኒቱ በብርሃኑ ሲነቃ የታመሙትን ሥሮች ይዘጋል። በመሆኑም ገንዘቡን ለአንድ የሕክምና ዓይነት አላሰርነውም፤ የሬቲና ሐኪሙ ላዘዘው ይከፈላል።

ብዙዎች የማያስቡት ወጪ ግን ከሕክምናው በኋላ የሚመጣው ነው። ቨርቴፖርፊን የወሰደ ሰው ቆዳውና ዐይኑ እንዳይቃጠሉ ለ5 ቀናት ከፀሐይ መራቅ አለበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ መዘጋት አያስፈልገውም፤ እንዲያውም መደበኛው የቤት ውስጥ ብርሃን በቆዳው የቀረውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያከስመዋል። ሆኖም በጣና ላይ መረብ ለሚጥል ዓሣ አጥማጅ፣ ለባጃጅ አሽከርካሪ ወይም በጉሊት ለምትነግድ እናት፣ በባሕር ዳር ፀሐይ ይህን ትእዛዝ መፈጸም ማለት የእነዚያን ቀናት ገቢ ማጣት ነው። ስለዚህ ከሕክምናው ክፍያ፣ ሕክምናው ወደሚገኝበት ከተማ ከሚደረገው ጉዞና ከማደሪያው በተጨማሪ የነዚህን ቀናት የቤት ወጪ እንሸፍናለን።

ገንዘቡ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ የምንለምነው፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ሬቲና እንደ ቀድሞው ስለማይመለስና ሕክምናው በዋናነት የቀረውን ዕይታ ስለሚያተርፍ ነው። ታካሚ ከተገኘ በኋላ መዋጮ መዞር ጊዜ ይበላል።

የሕክምናው ክፍያ በቀጥታ ለሕክምና ተቋሙ ይፈጸማል፤ የታካሚው ስም በምስጢር ይያዛል፤ የገቢና ወጪው ሒሳብ በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ይነበባል። መዋጮውን በእድሩ ጽሕፈት ቤት በደረሰኝ እንቀበላለን። በአዲስ አበባ የምትኖሩ ወገኖችም ለሕክምና የሚመጣ እንግዳ ለማሳደር ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ብታሳውቁን ከገንዘብ እኩል እንቆጥረዋለን።