የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘገባ፦ ሳንጃው ምን ይላል?

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ነገር ይዞ ከረመ፤ የድሮ ሳንጃ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ማንበብ። ባሕር ዳርም ሆነ ዘጌ የአያት ሳንጃ በሳጥን ያኖረ ቤተሰብ አይጠፋም። ስለት ትምህርት ቤት አይገባምና ተማሪዎቹ በየቤቱ ሄዱ። ባለቤቱ ባለበት ስስ ወረቀት ጽሑፉ ላይ አድርገው፣ በእርሳስ እያሹ ቅጂውን አመጡ። መጀመሪያ የተለማመዱት በሳንቲም ነው።

ከሁሉ ያስተማረን የውጅግራ፣ ማለትም የድሮው የፈረንሳይ ጠመንጃ ሳንጃ ነው። ጀርባው ላይ የፋብሪካው ስም፣ የተሠራበት ወርና ዓመት በእጅ ጽሑፍ መልክ ተቀርጿል። ዘጌ ያሉ አንድ አዛውንት "አያቴ አድዋ ላይ ከጣሊያን የማረከው ነው" ይላሉ። ቅጂው ላይ የተነበበው ግን የፈረንሳዩ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ስም ነው፤ ዘመኑም ሜይ 1876። በእኛ 1868 መሆኑ ነው፤ ከአድዋ 20 ዓመት በፊት። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ የተባለውን ጠመንጃ ነበር። ውጅግራ ግን የእኛም ሰው መሣሪያ ነበር። ልጆቹ "እንዴት ብለን እንንገራቸው?" ብለው ተጨነቁ። አባባ ሰምተው "እንግዲያማ የአያቴ የገዛ ራሱ ነው በሉኛ! ይሄማ ይበልጣል" አሉ። እኛ ግን ያንንም አልጻፍንም። ጽሑፉ የት እንደተሠራ ይናገራል እንጂ ማን እንደታጠቀው አይናገርም። መዝገባችን ላይ የተነበበውና የቤተሰቡ ትረካ ለየብቻ ሰፍረዋል። በዚህ ሥራቸው እኮራለሁ።

የእንግሊዙ ሳንጃ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ዘውዱ ሥር 1907 ይላል፤ ብዙዎቹም የተሠራበት ዓመት መሰላቸው። እሱ የሞዴሉ ዓመት ነው። የተሠራበት ከታች ነው፤ 8 እና 16፣ ማለትም ኦገስት 1916፣ በእኛ 1908። ሥሩ የአምራቹ ስም አለ፤ ዊልኪንሰን። በሌላው ገጽ ያለው የኤክስ ምልክት ስለቱ ታጥፎ መፈተኑን ያሳያል።

አንዱ ሳንጃ ግን ምንም አልነገረንም። ለሚያዝያ 27 እንዲያበራ ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ ጽሑፉ ጠፍቷል። በጣም ያሳዝናል። እባካችሁ ወላጆች፣ በአመድም በሎሚም አትፈትጉት። በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ስስ ዘይት መቀባት ይበቃል።

ለከርሞ የሳንጃው ቁጥር ከሰገባው ቁጥር ጋር መግጠም አለመግጠሙን እናያለን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እርሳስና ስስ ወረቀት ይዛችሁ ኑ።